የሱዛን ሌንግለን ዜና መዋዕል

ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በኢትዮጵያ በነገሡበት ዘመን፣ ማለትም ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. ባለው ጊዜ (ዘመኑ ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር ነው)፣ በፈረንሳይ ሱዛን ሌንግለን የምትባል ሴት በሜዳ ቴኒስ ተወዳዳሪ የማይገኝላት ሆነች። በግንቦት 1891 ዓ.ም. በፓሪስ የተወለደች ሲሆን፣ አባቷ ሻርል መሐረብ ሜዳው ላይ እያነጠፈ ኳሷን በዚያ ላይ እንድታሳርፍ ያለማምዳት ስለ ነበር፣ ኳስን በፈለገችው ስፍራ የማኖር ጥበቧ ከልጅነቷ የተገኘ ነው። በ1906 ዓ.ም.፣ ገና 15 ዓመት እንደ ሞላት፣ በሴን ክሉ የተደረገውን የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈች፤ ነገር ግን በዚያው ክረምት አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሥቶ ውድድሩን ሁሉ አቋረጠው።

ሰላም ከወረደ በኋላ ሰኔ 28 ቀን 1911 ዓ.ም. በለንደን አጠገብ በዊምብልደን ለፍጻሜ ቀረበች። ተጋጣሚዋ ዶሮቴያ ላምበርት ቻምበርስ ቀድሞ ሰባት ጊዜ ያሸነፈች፣ ዕድሜዋም 40 የደረሰ እንግሊዛዊት ነበረች፤ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛና ንግሥት ሜሪም ተገኝተው ይመለከቱ ነበር። በሦስተኛው ዙር ቻምበርስ ለድል አንዲት ነጥብ ብቻ ቀርቷት ሳለ፣ ሌንግለን የሰነዘረችው ራኬት ኳሷን በጅማቱ ሳይሆን በእንጨቱ ጠርዝ ስላገኛት፣ ኳሷ ተንገዳግዳ ከመረቡ ማዶ ወደቀች፤ ከዚህም በኋላ ልጅቱ በርትታ 10 ለ8፣ 4 ለ6፣ 9 ለ7 ረታች። ሌሎቹ ሴቶች ረጅም ቀሚስና ወገብ የሚያጠብቅ ልብስ ለብሰው ሲጫወቱ እርሷ እጅጌው አጭር የሆነ ቀላል ቀሚስ መልበሷ፣ ኋላም ራሷን በሐር ሻሽ መጠምጠሟ ብዙ ተወራ።

በ1912 ዓ.ም. በአንትወርፕ ኦሊምፒክ በነጠላ ወርቅ ስታገኝ በውድድሩ ሁሉ የተሸነፈችው አራት ጌም ብቻ ነበር። በዊምብልደንም በነጠላ ስድስት ጊዜ ድል አደረገች፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ፓሪስንና ለንደንን በጎበኙበት በ1916 ዓ.ም. ግን የጉበት ሕመም አድክሟት ውድድሩን አቋርጣ ወጣች። የካቲት 9 ቀን 1918 ዓ.ም. በካን ከአሜሪካዊቷ ሄለን ዊልስ ጋር ስትገጥም፣ ቦታ ያጣ ሰው በጣራና በዛፍ ላይ ሆኖ ተመለከተ፤ እርሷም 6 ለ3፣ 8 ለ6 አሸነፈች።

ከዚህ ሁሉ ገበያ ግን ለእርሷ በሕግ የሚደርሳት አልነበረም፤ በዚያ ጊዜ ታላላቆቹ ውድድሮች ክፍት የነበሩት ለአማተር፣ ማለትም ያለ ደመወዝ ለሚጫወት፣ ብቻ ስለ ነበር ክለቦቹ የመግቢያውን ገንዘብ ሲሰበስቡ ተጫዋቿ ባዶ እጇን ትመለስ ነበር። በዛሬው መርካቶ ኩንታል የተሸከመ ኩሊ ዋጋውን ሳይቀበል አይሄድምና፣ ይህ ሥርዓት ግፍ መሆኑ ለገበያ ሰው ግልጽ ነው። ስለዚህ በ1919 ዓ.ም. መጀመሪያ በ50,000 ዶላር ውል በአሜሪካ እየዞረች በክፍያ ተጫወተች፤ በዚህም ምክንያት ወደ ዊምብልደን የምትመለስበት መንገድ ተዘጋ። አማተር ያልሆኑ ተጫዋቾች በዚያ ለውድድር የተፈቀደላቸው በ1960 ዓ.ም. ነበር።

ሌንግለን ሰኔ 27 ቀን 1930 ዓ.ም. በደም ማነስ ሕመም በፓሪስ በ39 ዓመቷ አረፈች። ያ ዘመን ፋሽስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን ይዞ የአራዳውን ገበያ ወደ አዲስ ከተማ ያዛወረበት፣ አዲሱም ስፍራ በጣልያንኛ ገበያ ማለት በሆነው ቃል መርካቶ የተባለበት ነው። በፓሪስ በሮላን ጋሮስ የቴኒስ ስፍራ ከሚገኙት ታላላቅ ሜዳዎች አንዱ ዛሬ በስሟ ይጠራል።