የተለወጠ ቤት ቅርስ ሊሆን ይችላልን?

አንድ አሮጌ ቤት በቅርስነት ይመዝገብ በተባለ ቁጥር ከሙያ ባልደረቦቻችን ዘንድ የሚነሣው ተቃውሞ፣ «ቤቱ ተለዋውጧል፤ የቀድሞ መልኩ የለም» የሚል ነው። ለዚህ ክርክር የሐረር ጁገል በቂ ምላሽ ይሰጣል።

ነባሩ የሐረሪ ቤት ጊዲር ጋር የተባለ ዋና ክፍል አለው፤ በውስጡም ነደባ የሚባሉ መደቦች ይገኛሉ። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ ሥር ከዋለች በኋላ የህንድ ነጋዴዎች የእንጨት በረንዳ ያለውን ባለ ፎቅ ቤት አስገቡ። ከሁለቱ መዋሐድም ሦስተኛ ዓይነት ቤት ተገኘ። ቅርስ የሚባለው ያልተነካው ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ሦስተኛው ቤት ከመዝገብ በቀረ፣ የአንድ ዘመን ታሪክም አብሮት በጠፋ ነበር። ይሁን እንጂ ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሦስቱም ዓይነቶች የከተማይቱ ሀብት ሆነው ተቆጠሩ።

የምዝገባው ምክንያት ግን በጥንቃቄ ሊጻፍ ይገባል። የራምቦ ቤት በሚል ስም የታወቀው ሕንጻ፣ ባለቅኔው በ1884 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ በህንድ ነጋዴ የተሠራ ነው። ስለዚህ የሚያስከብረው ከስሙ ይልቅ የእንጨት ሥራውና የጣራው ሥዕል ነው።

አዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ በመለየቱ፣ ከብሔራዊ ደረጃ ያልደረሰ ቤትም በአካባቢው የሚከበርበት መንገድ ተከፍቷል። የእኛ ድርሻ እያንዳንዱን ለውጥ በየዘመኑ መመዝገብ፣ የሚጠበቀውንና የሚታደሰውን ለይቶ ማመልከት ነው። ይህ ካልተደረገ ነዋሪው ምኑን መንካት እንደሚፈቀድለት ሳያውቅ ይቀራል፤ በፍርሃት የተተወ ቤትም እንደተናደ ቤት ይጠፋል።