ልስላሴና ሲንቄ፦ ታኦይዝምን ከኢተያ ተነሥቶ ማጥናት

ታኦይዝምን ለማወቅ የተነሣ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ መሠረታዊውን የቻይና መጽሐፍ «ዳኦ ደ ጂንግ»ን ከምዕራፍ 1 ይጀምርና እዚያው ይቀራል። ምዕራፉ ስም ስለማይወጣለት ነገር የሚናገር እጅግ ረቂቅ ጽሑፍ ነው። በአርሲ ለኢተያ ወይም ለአሰላ አንባቢ የሚሻለው በር፣ በእኔ እምነት፣ ምዕራፍ 78 ነው። ለስላሳው ጠንካራውን እንዴት እንደሚረታ እዚያ በውኃ ተመስሎ ቀርቧል።

ይህን ሐሳብ የአርሲ ኦሮሞ በተግባር ያውቀዋል። ሲንቄ ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው። ሁለት ወገኖች ሲጋጩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው መካከል ይገባሉ፤ ያን ጊዜ ተጋጣሚው ሁሉ እጁን መሰብሰብ አለበት። አራስ ሚስቱን የደበደበ ባል ሲገኝም የአካባቢው ሴቶች ቤታቸውን ጥለው በአንድነት ይወጣሉ፤ ሽማግሌ ገብቶ፣ ጥፋተኛው ክሶ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ አይመለሱም። በትሩ ግን ማንንም አይመታም።

መመሳሰሉ ያጓጓል፤ ጀማሪው ግን እዚህ ላይ ረክቶ ባይቆም እመርጣለሁ። ሲንቄ የሚከበረው ዋዩ፣ ማለትም ቅዱስ፣ ስለሆነ ነው፤ ከጀርባው የገዳ ሕግ አለ፤ መዳፈሩም በዋቃ (በፈጣሪ) ዘንድ ያስጠይቃል። የ«ዳኦ ደ ጂንግ» ልስላሴ ሕግ አውጪም ፈራጅም የለውም። እንዲያውም ምዕራፍ 38 ሥርዓትን የሚያየው ታኦ («መንገዱ») ከጠፋ በኋላ እንደሚመጣ የመጨረሻ ነገር አድርጎ ነው። ሲንቄ ደግሞ ራሱ ሥርዓት ነው! ይህ ልዩነት አንባቢውን በቀጥታ የኮንፊሽየስ ተከታዮችና የታኦ ሰዎች ወደተከራከሩበት ጉዳይ ያደርሰዋል፦ ሰው መልካም የሚሆነው በሥርዓት ተኮትኩቶ ነው ወይስ ከሥርዓት ተላቅቆ?

ምዕራፍ 38ን ከምዕራፍ 1 አስቀድሞ ማንበብም እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 በቻይና ማዋንግዱዪ ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ዓመት ከተዘጋ መቃብር፣ በሐር ላይ የተጻፉ ሁለት የ«ዳኦ ደ ጂንግ» ቅጂዎች ወጥተዋል። በሁለቱም መጽሐፉ የሚከፈተው በዚሁ ምዕራፍ ነው፤ ዛሬ አንደኛ የምንለው ወደ መካከል ወርዷል።

ቀጥሎ ወደ ሌላው የታኦ ሰዎች መጽሐፍ፣ ወደ «ዡዋንግ ዙ» ምዕራፍ 3፣ ወደ ብልት አውጪው ዲንግ መሄድ ይገባል። ዲንግ አጥንት አይቆርጥም፤ በመገጣጠሚያው ክፍተት ስለሚያልፍ ቢላዋው ከ19 ዓመት በኋላም ስለት አለው። ብልት ሲወጣ ቆሞ ያየ የአርሲ ልጅ «ዉ ዌይ» (ሳይታገሉ መሥራት) የሚባለውን ነገር ስንፍና ነው ብሎ አይሳሳትም፦ የዲንግ እጅ ሥራ ላይ ነው፤ የቀረው ግብግቡ ነው።

እዚህ ከደረሱ በኋላ ብዙ መግቢያዎች የሚዘሉትን ሃይማኖቱን ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ142 በሲቹዋን ዣንግ ዳኦሊንግ መሠረተው የሚባለው የሰማያዊ መምህራን ማኅበር ከአባላቱ አምስት ስፍር ሩዝ ይቀበል ነበር። የታመመ ሰው ጥፋቱን ይናዘዛል፤ ልመናውም ለሰማይ፣ ለምድርና ለውኃ ሹማምንት በጽሑፍ ይቀርባል። ሥርዓትን የተጠራጠረው መጽሐፍ በእነዚህ ሰዎች እጅ የሥርዓት መጽሐፍ ሆነ፤ በየጉባኤያቸውም ይደገም ነበር። ሲንቄን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ጉዞ ለመመርመር ከማንም ያላነሰ ዝግጅት አለው።