በጎንደር ፒያሳ አንድ ከቀትር በኋላ

ጎንደር ሲባል የሰው ሁሉ ሐሳብ ወደ ፋሲል ግንብ ይሄዳል። እኛም ከባሌ ደጋ ተነሥተን ያን ያህል አገር የተጓዝነው ለእርሱ ነበር። ስለ ግንቡ ግን ብዙ ሊቃውንት ስለ ጻፉ፣ እዚህ የምንናገረው ከቀትር በኋላ በእግራችን ስለ ዞርናት ስለ ፒያሳ ነው።

የኢጣልያ ጦር ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለ የፍሎረንስ አርክቴክት ለከተማዪቱ አዲስ ፕላን አወጣ። ይኸው ሰው ኢጣልያ በ1931 ዓ.ም. አልባንያን በያዘች ጊዜ ለቲራናም ፕላን ነድፏል፤ ስለዚህ ሁለቱን ከተሞች እኅትማማች ብንላቸው ያስኬዳል። ፕላኑ ለኢጣልያኖች አንድ ሰፈር፣ ለአገሩ ሰው ሌላ ሰፈር የሚለይ ነበር። በ1929 ዓ.ም. የወጣው የፋሽስት ሕግ ኢጣልያዊ ከአገሩ ተወላጅ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር ከልክሎ ነበርና፣ በሰፈር መለየቱም የዚያው ሕግ ወንድም ነው። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከቈረቈሯት ከተማ እምብርት አጠገብ መስፈራቸውም፣ በእኛ አስተያየት፣ የነገሥታቱን ክብር ለመዋስ ነው።

ፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ብዙ ቆየን። ቅርጽና ሐረግ የሌለበት ልሙጥ ግድግዳ ነው፤ ከግንቡ ድንጋይ ጋር ሲያስተያዩት እንደ ትናንት ሥራ ይመስላል። ውበቱን መካድ አይቻልም። የድንጋይ ጠራቢውንና የጭቃ አቡኪውን ስም ግን ፈልገን አላገኘንም። ከዚያ አውቶ ፓርኮ ወደሚባለው ሰፈር ወረድን፤ ስሙ ራሱ ኢጣልያንኛ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ የምንለውም ከዚያው ቋንቋ የመጣ ስለሆነ፣ ሾፌሮቻችን ሳያውቁት ቀኑን ሙሉ ኢጣልያንኛ ይናገራሉ።

በመንገድ ላይ ክርክር ተነሣ። ከመካከላችን አንዱ፣ «አያቶቻችን እንዳይኖሩበት የተከለከለው ሰፈር እንዴት የእኛ ቅርስ ይባላል?» አለ። ሌላው፣ «በማን ጉልበት ተሠራና?» ሲል መለሰለት። አብዛኞቻችን በሁለተኛው አሳብ ተስማማን፤ የመጀመሪያው ግን እስከ ማታ አልተረታም።

ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ጎንደር ገና በጠላት እጅ ነበረች። አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር ከበው ያዟት፤ ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ቁልቋል በር ወደቀ፤ በስድስተኛው ቀን ጄኔራል ናዚ እጁን ሰጠ። ፖስታ ቤቱም ከነሣጥኑ ለጎንደር ሰው ቀረ።