ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፦ በሞተር ብስክሌት የተነበበ የሰሜን ሸዋ መንገድ



ስለ ሞተር ብስክሌት ሊናገር የመጣ የታሪክ መምህር እንግዳ ነገር መስሎ እንደሚታያችሁ አውቃለሁ። ሆኖም ሙያዬን በሚመለከት ትልቁን ስሕተቴን ያወቅሁት በሞተር ብስክሌት ላይ ስለሆነ ይቅርታችሁን እለምናለሁ።

ከደብረ ብርሃን ማለዳ ተነሥቶ ማታ ለመመለስ ከሚመቹት መንገዶች ሁሉ የምወደው ወደ አንኮበር የሚወስደውን ነው። ርቀቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የገብሱ ማሳ፣ የድንጋዩ ካብና የበጎቹ መንጋ ያለ ማቋረጥ ይከተሏችኋል። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ሲታለፍ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ እንደ ሽማግሌ ያቃስታል። ከዚያ ሜዳው በድንገት ያልቅና ከእግር በታች ጉም ብቻ ይቀራል።

በዶክትሬት ጽሑፌ ስለ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ንግድ አንድ ምዕራፍ አለ። የቤተ መንግሥቱ መቀመጫ አንኮበር ሆኖ ሳለ ትልቁ ገበያ ከገደሉ ሥር አልዩ አምባ ላይ የነበረው ለምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ እዚያ አንሥቼ፣ ንጉሡ ሙስሊም ነጋዴዎችን ከከተማው ለማራቅ ፈልገው ነው ብዬ ደመደምኩ። በካርታው ላይ የሁለቱ ቦታዎች ርቀት የጣት ስፋት ያህል ነበር። ፈታኞቼም አልተቃወሙም።

ከዓመታት በኋላ ሞተሬን አንኮበር ላይ አቁሜ ወደ አልዩ አምባ በእግሬ ወረድኩ። መውረዱ ጉልበት አንቀጠቀጠ እንጂ አልከፋም፤ መመለሱ ግን ከሰዓት በኋላዬን በሙሉ ወሰደው። አብረውኝ ሲወጡ የነበሩ አንድ አዛውንት ደጋግሜ መቀመጤን አይተው፣ «ልጄ፣ ይኼን እንኳን አንተ ግመልም አይወጣው» አሉኝ።

እዚያው ድንጋይ ላይ እንደተቀመጥኩ የካፒቴን ሐሪስ መጽሐፍ ትዝ አለኝ። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ በ1841 እ.ኤ.አ. ከታጁራ ተነሥቶ ሸዋ ሲገባ ግመሎቹ ከተራራው ግርጌ ፋሬ ላይ ቀርተው ጭነቱ በሰው ትከሻ እንደወጣ ጽፏል። ይህን ተማሪ ሳለሁ አንብቤዋለሁ፤ የመንገደኛ ማማረር ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ገበያው ከተራራው በታች እንዲሆን ያደረገው፣ ቢያንስ በአብዛኛው፣ የመሬቱ አቀማመጥ ነበር። የቆላው ግመልና የደጋው አጋሰስ መገናኛ ቦታ ያስፈልጋቸው ነበር። ሃይማኖት ምንም ሚና አልነበረውም አልልም፤ እኔ ግን ብቸኛ ምክንያት አድርጌ ለንጉሡ ያላሰቡትን ሐሳብ ሰጥቻቸዋለሁ።

ሁለተኛው መንገድ በስተሰሜን ወደ ጣርማ በር ያደርሳል። ዋና አውራ ጎዳና ስለሆነ የጭነት መኪናው ይበዛበታል፤ ለደስታ የሚመረጥ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶሊዮ የመኪና ሰልፍ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ የኢትዮጵያ ወታደሮች መንገዱን ያፈረሱበት ስፍራ ይህ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት ነገሩ «ሰልፉ ለጥቂት ጊዜ ተስተጓጎለ» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ግን ያ ሁሉ መኪና ዳገቱ ላይ ቆሞ መንገድ ጠራጊ ሲጠብቅ ይታየዋል። ጣሊያኖች ኋላ ተራራውን ቦርቡረው ዋሻ ሠሩበት፤ ሕዝቡም እስከ ዛሬ በሙሶሊኒ ስም ይጠራዋል። በሞተር ብስክሌት ሲገቡበት ይጨልማል፣ ጣሪያው ያንጠባጥባል፤ ከኋላ የሚመጣ ከባድ መኪና ድምፅ ከአራቱም ማዕዘን የመጣ ይመስላል። አልወደውም፤ ግን ተማሪዎቼን ሁሉ አንድ ጊዜ ባሳልፍበት ደስ ይለኛል።

ባለፉት ዓመታት መንገዶቹ እንደ ልብ የሚኬድባቸው አልሆኑም፤ ሞተሬም ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። አልፎ አልፎ አስነሥቼ ባትሪው እንዳይሞት አደርጋለሁ።

የመመረቂያ ጽሑፌ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አለ። ስለ አልዩ አምባ የሚለው አንቀጽ ዳር በእርሳስ «ፋሬን ተመልከት» የሚል ማስታወሻ ታገኛላችሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እዚህ ካሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።