«ነፍስ ማወቅ» እና «ወግ ማዕረግ»፦ ስለ ሰው የዕድሜ ልክ ዕድገት የተሰነዘሩ ንድፈ ሐሳቦች ከጫኖ ሲታዩ

፩. መነሻ

ሰው ከተወለደበት ቀን አንሥቶ እስኪሞት ድረስ በአእምሮውና በመንፈሱ እንዴት እንደሚለወጥ የሚያጠናው የሥነ ልቦና ዘርፍ በመምህራን ማሠልጠኛዎቻችንና በዩኒቨርሲቲዎቻችን ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ ቆይቷል። ተማሪው የፍሮይድን አምስት፣ የፒያዤን አራት፣ የኤሪክሰንን ስምንት ደረጃዎች በቃሉ ይይዛል፤ በፈተናም ዘርዝሮ ይመልሳል። ብዙ ጊዜ የማይነሣው ጥያቄ ደረጃዎቹ ከማን ኑሮ ተቀድተው የማን መለኪያ ሆኑ የሚለው ነው።

በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የንድፈ ሐሳቦቹን ታሪክ ባጭሩ እመለከታለሁ። ቀጥዬም አማርኛ ለዕድሜ ደረጃዎች የሰጣቸውን ስሞችና የጋሞን የሃላቃ ሥርዐት ከጎናቸው አቆማለሁ። መመልከቻ ቦታዬ ጫኖ ነው። ጫኖ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ በአባያ ሐይቅ አቅጣጫ ባለው ቆላ የሚገኝ፣ ጫኖ ሚሌ፣ ጫኖ ዶርጋና ጫኖ ጨልባ የሚባሉትን ቀበሌዎች የሚያጠቃልል የሙዝ አገር ነው። የመረጥሁትም ስለማውቀው ብቻ አይደለም። ከደጋ የወረዱ ቤተሰቦች ከቆላው ነዋሪ ጋር የሚኖሩበት በመሆኑ፣ የደጋው ሥርዐት፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑና የሙዝ ገበያው እያንዳንዳቸው «ሰው መቼ ሰው ይሆናል?» ለሚለው ጥያቄ የየራሳቸውን መልስ ይዘው የሚገናኙበት ቦታ ነው።

፪. ደረጃዎቹ ከየት መጡ?

አሜሪካዊው ስታንሊ ሆል እ.ኤ.አ. በ1904 ስለ ጉርምስና ባሳተመው ሰፊ መጽሐፍ ይህን ዕድሜ የማዕበልና የጭንቀት ወቅት አድርጎ አቀረበው። በዓመቱ ፍሮይድ የሕፃን ዕድገት የፍትወት ኀይል ከአንዱ የሰውነት ክፍል ወደ ሌላው የሚሸጋገርበት ጉዞ ነው አለ። ፒያዤ ደግሞ በስዊዘርላንድ የገዛ ሦስት ልጆቹን ጭምር በቅርብ እየተከታተለ የማሰብ ችሎታ በአራት ደረጃዎች እንደሚያድግ ጻፈ። ሦስቱም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። በእነዚህ ሥራዎቻቸው ትኩረታቸው ልጅነትና ጉርምስና ላይ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅም ዘመን እንደ ተፈጸመ ነገር ያልፉታል።

ዕድሜን እስከ ፍጻሜው ለመከተል ከሞከሩት ቀደምት ተመራማሪዎች አንዷ ሻርሎት ቡለር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመችው መጽሐፍ የብዙ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ አነጻጽራ የኑሮን አካሄድ ለመለየት ጥራለች። ሐሳቡን በዓለም ያስፋፋው ግን ኤሪክ ኤሪክሰን ነው። ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1902 ጀርመን ውስጥ ተወለደ፤ ወላጅ አባቱን ሳያውቅ በእንጀራ አባቱ ስም አደገ፤ አሜሪካ ሄዶ ዜግነት ሲያገኝ «ኤሪክሰን» የሚለውን ስም ራሱ ለራሱ አወጣ። «የማንነት ቀውስ» የሚለውን አነጋገር ለዓለም ያስተዋወቀው ሰው በገዛ ስሙ ላይ ይህን የመሰለ ታሪክ ያለው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ዕድሜ ከስምንት ከፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ፈተና መደበ። ሕፃኑ በመተማመንና በጥርጣሬ መካከል ይቆማል፤ ጎረምሳው በማንነትና በመደናገር፤ ጎልማሳው ቀጣዩን ትውልድ በማፍራትና ባለበት በመድረቅ፤ አዛውንቱም የኖረውን ኑሮ አሜን ብሎ በመቀበልና በተስፋ መቁረጥ መካከል። ኤሪክሰን የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን የልጅ አስተዳደግ ስላጠና ማኅበረሰብን የዘነጋ አይባልም። ሆኖም ፈተናው የሚካሄደው በመጨረሻ በግለሰቡ ውስጥ ነው።

ከእርሱ በኋላ ዳንኤል ሌቪንሰን እ.ኤ.አ. በ1978 የጎልማሳነትን ወቅቶች ሲተነትን የተመሠረተው በ40 አሜሪካውያን ወንዶች የሕይወት ታሪክ ላይ ነበር። አርባ ሰዎችን አጥንቶ ስለ አርባ ሰዎች መናገር ያስመሰግናል፤ ችግሩ የሚመጣው ግኝቱ በመማሪያ መጽሐፍ ገብቶ «ሰው» የሚል ስም ሲሰጠው ነው።

አፍሪካ በዚህ ታሪክ ውስጥ ፈጽሞ አልጠፋችም። ሜሪ ኤንስወርዝ በእናትና በሕፃን ትስስር ላይ የጻፈችው የታወቀ ጥናት መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በኡጋንዳ ያደረገችው ምልከታ ነው። ይሁን እንጂ አፍሪካ በአብዛኛው የመረጃ ምንጭ እንጂ የሐሳብ ምንጭ ሆና አልተቆጠረችም። የካሜሩኑ ባሜ ንሳሜናንግ እ.ኤ.አ. በ1992 ይህን ለማረም ተነሣ። በእርሱ አመለካከት የሰው ዕድገት የሚለካው ማኅበረሰቡ በየደረጃው በሚሰጠው ተግባርና ኀላፊነት ነው፤ ሞትም ቢሆን የጉዞው ማብቂያ አይደለም፤ የሞተው ሰው በሕያዋን መታሰቢያ ውስጥ ሌላ ደረጃ ይይዛል። አርባ፣ ሰማንያና ተዝካር ለሚያውቅ የእኛ አንባቢ ይህ ሐሳብ እንግዳ አይሆንበትም።

፫. አማርኛ ዕድሜን እንዴት ይከፍላል?

በአማርኛ ጨቅላ፣ ሕፃን፣ ልጅ፣ ብላቴና፣ ጉብል፣ ኮረዳ፣ ጎረምሳ፣ ጎልማሳ፣ አዛውንት፣ ባልቴት እያልን ዕድሜን እንከፍላለን። ከእነዚህ ስሞች ይልቅ ግን ስለ ዕድገት ያለንን አስተሳሰብ የሚገልጹት ግሦቹና ሐረጎቹ ናቸው። ልጁ «ዳዴ ይላል»፤ «ጡት ይጥላል»፤ ከዚያም «ነፍስ ያውቃል»። ነፍስ ማወቅ በዓመት አይቆጠርም። ልጁ ክፉና ደጉን ለይቶ፣ ለሠራው ሥራ ሊጠየቅ የሚችልበት ሁኔታ ነው። ፒያዤ ስለ ልጅ የሞራል ፍርድ ብዙ ገጽ የጻፈበትን ጉዳይ ሕዝቡ በሁለት ቃል ሰይሞታል፤ ነገር ግን ለሁሉም ልጅ የተወሰነ ዓመት አልቆረጠለትም።

ቀጥሎ «ለአቅመ አዳም ደረሰ»፣ «ለአቅመ ሔዋን ደረሰች» እንላለን። ይህ አካላዊ ደረጃ ነው። መድረስ ብቻውን ግን አይበቃም። ወላጅ የሚመኘው የልጁን «ወግ ማዕረግ» ማየት ነው። ሐረጉን ስንፈታው ዋናው ግሥ «ማየት» ሆኖ እናገኘዋለን። ወግ ማዕረግ ባለቤቱ በልቡ የሚደርስበት ነገር ሳይሆን ሌላው የሚያይለት፣ የሚመሰክርለት ነው። «ሽማግሌ»ም እንዲሁ ነው። በአንድ በኩል ዕድሜው የገፋ ሰው ማለት ሲሆን፣ በሌላ በኩል የሚያስታርቅ፣ ለጋብቻ የሚላክ ሰው ማለት ነው። ጠጉሩ ያልሸበተ ሰው ሊሸመግል ይችላል፤ የሸበተውን ሁሉ ደግሞ ሽማግሌ ብሎ የሚልክ የለም።

ሕጉ በበኩሉ ቁጥር ይፈልጋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመትን የጋብቻ ዕድሜ አድርጎ ነበር፤ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው። ይህ ማሻሻያ «ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች» በሚል ሰበብ ያለ ዕድሜያቸው ሲዳሩ ለኖሩ ሴት ልጆች መከታ ሆኗል። ስለዚህ ቁጥርን አጣጥሎ ወግን ብቻ ማወደስ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም።

ልብ ወለዶቻችንም ጥያቄውን ቀድመው አንሥተውታል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ወላጆቹ በተሳሉት ስእለትና በራሱ ልብ ምርጫ መካከል ያቆመዋል። ኤሪክሰን የማንነት ፈተና የሚለው ይኸው ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የበዛብህ ጥያቄ «እኔ ማን ነኝ?» ከሚለው ይልቅ «የማን ነኝ?» ወደሚለው ማዘንበሉ ነው።

፬. ሃላቃ

ወደ ጋሞ ደጋ ስንወጣ ደረጃው ሥርዐት ሆኖ፣ በአደባባይ ቆሞ እናገኘዋለን። በዶርዜ፣ በዶኮና በሌሎችም የጋሞ አገሮች የሃላቃነት ሹመት ይገኛል። አንድ ባለ ትዳር ሰው ለሃላቃነት ሲበቃ ድግስ ይደግሳል፤ በርካታ ሥርዐቶችን ያልፋል፤ ቅቤ በራሱ ላይ ተደርጎለት በገበያ መካከል ይዞራል። ፈረንሳዊው ዳን ስፐርበር በዶርዜ ባደረገው ጥናት ተመሥርቶ ስለ ተምሳሌት ምንነት የጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመው መጽሐፍ፣ ይህን የቅቤ ነገር በሰፊው ይመረምራል። የውጭ ሰው ትርጉሙን ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ አባቶቻችን ያደርጉት ነበር የሚል ነው። ለእኔ ግን ከትርጉሙ ይልቅ ቦታው ይናገራል። ገበያ ሁሉም የሚተያይበት ስፍራ ነው፤ ሰውየው እንደ ተለወጠ አገሩ ሁሉ በዐይኑ አይቶ ይመሰክራል።

የሃላቃነት ተራ በዕድሜ ቁጥር አይወሰንም። ታላቅ ከታናሽ፣ አባት ከልጅ ይቀድማል። «ባይራ» የሚባለው የበኵርነት ክብር በዘር ቅደም ተከተል የሚገኝ ነው። በዚህ ረገድ ከቦረና የገዳ ሥርዐት ጋር የሚቀራረብ ጠባይ አለው። አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው በገዳም የልጅ ደረጃ የሚቆጠረው ከአባቱ ደረጃ ተነሥቶ ነው።

ይህን ሥርዐት ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የኖረ አድርጎ መመልከት ስሕተት ነው። ዲና ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው ስለ ዶኮ ባጠናችው መጽሐፍ፣ በአንድ ሕዝብ መካከል የመሥዋዕቱ ሥርዐት ብዙም ሳይለወጥ የሹመቱ ሥርዐት እጅግ መለወጡን አሳይታለች። ሕዝቡ በጉባኤ ተሰብስቦ በሚመክርበት ጊዜ የሹመቱ ወጪና አፈጻጸም በየጊዜው ይሻሻል ነበር። እንግዲህ የፒያዤና የኤሪክሰን ደረጃዎች በመጽሐፍ ተጽፈው ሲጸኑ፣ የዶኮዎቹ በዱቡሻ ላይ ለክርክር ይቀርቡ ነበር ማለት ነው።

ሥርዐቱ የወንዶች መሰላል መሆኑንም መደበቅ አይገባም። የሴት ሕይወት በምን ደረጃ እንደሚያልፍ ለማወቅ ወደ ሌላ ምንጭ መሄድ ያስፈልጋል። ጁዲት ኦልምስቴድ እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተመችው መጽሐፍ በጋሞ ደጋ፣ በዲታ፣ የመሪነት ሥልጣን የነበራቸውን የጪማቴ ጩምባሎን የሕይወት ታሪክ ይዟል። እኒህ ሴት በመንግሥትና በአገራቸው ሰው መካከል ቆመው ያሳለፉት ኑሮ ከሌቪንሰን 40 ወንዶችም፣ ከሃላቃው መሰላልም ጋር አይገጥምም። አንድ የሕይወት ታሪክ በጥንቃቄ ሲጻፍ ሁለቱንም ሊሞግት እንደሚችል ያስረዳል።

፭. ልጆች አባቶችን ሲመሩ

የ1966ቱ አብዮት የዕድሜን ቅደም ተከተል ገለበጠው። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ባሳተመው «አደፍርስ» ውስጥ የተማረው ወጣት ከገጠሩ ሰው ጋር ሲከራከር እናያለን። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ይህ ክርክር ከመጽሐፍ ወጥቶ አገር አዳረሰ። ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ገበሬውን ሊያስተምሩ ወደ ገጠር ተላኩ። ገና ጎጆ ያልወጣ ወጣት ስለ መሬትና ስለ ፍትሕ ሽማግሌ ሲያስተምር፣ ከኤሪክሰን አምስተኛው ደረጃ ላይ ያለው ሰው የሰባተኛውን ሥራ ተረከበ ማለት ነው። ያ ትውልድ ማንነቱን ፍለጋ የከፈለውን ዋጋ ሁላችንም እናውቃለን።

በጋሞ ደጋም ደርግ ነባሩን ሥርዐት በኋላ ቀርነት ሲነቅፍ፣ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መስፋፋት ደግሞ መሥዋዕቱን ከመሠረቱ አናጋው። ጫኖ ላይ አዛውንቶችን «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ብዬ ስጠይቅ ብዙዎቹ በቁጥር አይመልሱልኝም፤ «ንጉሡ ሲወርዱ ከብት እጠብቅ ነበር»፣ «በዘመቻው ጊዜ ጎጆ ወጥቻለሁ» ይሉኛል። የራሳቸውን ዕድሜ ከአገሩ ዕድሜ ለይተው አያዩትም።

፮. ተስፋ መቁረጥ በሃያ አምስት ዓመት

የዛሬው የጫኖ ወጣት ሦስት መሰላል አለው። ትምህርት ቤቱ በክፍል፣ ቤተ ክርስቲያኑ በአገልግሎት፣ ገበያው በገንዘብ ከፍ ያደርገዋል። ሦስቱም ግን ጎጆ መውጫ መሬትና ሥራ ካልተገኘ መሐል ላይ ያቆሙታል። ዳንኤል ሜይንስ በጅማ ሥራ ያጡ ወጣቶችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱን የወሰደው «ተስፋ ተቆረጠ» ከሚለው ንግግራቸው ነው። ኤሪክሰን ተስፋ መቁረጥን የመደበው ለስምንተኛው ደረጃ፣ ለእርጅና ነበር። በእኛ አገር ግን አንድ ወጣት በሃያ አምስት ዓመቱ በዚያ ፈተና ሊያዝ ይችላል፤ ይህም የሆነው በልቡ ድካም ሳይሆን ወግ ማዕረጉን የሚያይበት መንገድ ስለ ተዘጋበት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ሁሉም የሚያስታውሰው ድርጊት መጨመር ይገባል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና አካባቢው የጋሞ ተወላጆችና ሌሎችም ሲገደሉ ወሬው አርባ ምንጭ ደረሰ፤ ወጣቶችም ለበቀል ተነሡ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ። በጋሞ ልማድ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ጎሜ ነው፤ መዘዙም በአላፊው ላይ ብቻ አይቀርም።

ኤሪክሰን ይህን ቢያይ ሽማግሌዎቹ የቀጣዩን ትውልድ ኀላፊነት በሚገባ ተወጡ ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። የሽማግሌዎቹ ሽምግልና በዚያች ሰዓት ሙሉ የሆነው ወጣቶቹ ቆመው ስላወቁላቸው ነው። ወጣቶቹም ከጉርምስና አንድ ደረጃ የወጡት በዚያው ቅጽበት ነው። ወጣቶቹ አልፈው ሄደው ቢሆን ኖሮ ሣር የያዙት ሰዎች ያረጁ ሰዎች ብቻ ሆነው ይቀሩ ነበር።

፯. ማጠቃለያ

ከላይ የተመለከትናቸው ንድፈ ሐሳቦች የሚጣሉ አይደሉም። ፒያዤ ልጅን በትዕግሥት ማየት አስተምሮናል፤ ኤሪክሰን ጎልማሳነትና እርጅና የዕድገት ዘመን መሆናቸውን አሳይቷል። የጎደላቸው ምስክሩ ነው። አማርኛው «ወግ ማዕረግ ማየት» ሲል፣ ጋሞው ሃላቃውን ቅቤ ቀብቶ በገበያ ሲያዞር፣ ሁለቱም የሰው ዕድገት በሌላ ሰው ዐይን ፊት እንደሚፈጸም ይናገራሉ።

ስለዚህ ይህን ትምህርት የምንሰጥ ሁሉ ተማሪዎቻችን ስምንቱን ደረጃዎች ከዘረዘሩ በኋላ ወደ የመንደራቸው ሄደው የአንድ አዛውንትና የአንዲት ባልቴት የሕይወት ታሪክ እንዲጽፉ ብናደርግ ተገቢ ይመስለኛል። መጠይቁም «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ከሚለው ሳይሆን «ትልቅ ሰው መሆንዎን መጀመሪያ ያወቀልዎ ማን ነው?» ከሚለው ቢጀምር መልካም ነው። በየደጋው ያሉት አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ ካልተጠየቁ፣ ነገ በጫኖ የሚያድገው ልጅ የራሱን ዕድሜ የሚያነብበት መጽሐፍ የሌሎች ሰዎች ብቻ ይሆናል።