ኃይሉ የተጨመረለት የነርፍ ማቨሪክ መጫወቻ ሽጉጥ
ፕላስቲክ፣ የብረት ሞላ፣ ስፖንጅ፤ አሜሪካ

በ2005 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ይህ ባለስድስት ጥይት መጫወቻ፣ ምላጩ ሲሳብ የታመቀው ሞላ ተለቅቆ ፒስተኑን ስለሚገፋ፣ የስፖንጅ ጥይቱን የሚያስፈነጥረው በአየር ግፊት ነው። ፋብሪካው በየጥይት ማስገቢያው ሥር የተከለው የአየር መገደቢያ፣ ማለትም ጥይት በሌለበት መተላለፊያውን የሚዘጋ ትንሽ ክዳን፣ ጥይት ሲገባም ፍሰቱን ያጠብበዋል። ባለቤቱ ክዳኖቹን በመሰርሰሪያ ያወጣቸው ሲሆን፣ የመሰርሰሪያው ጭረት በቀዳዳዎቹ ጠርዝ ላይ በግልጽ ይታያል፤ ፒስተኑንም ቧንቧ ሠራተኞች በሚጠቀሙበት ቴፍሎን ጠቅልሎ በዳርና በዳር የሚያፈተልከውን አየር ቀንሷል። ሞላውን በጠንካራ መተካት የብዙዎች የመጀመሪያ ምኞት ቢሆንም፣ ሞላውን ወጥሮ የሚይዘውን የፕላስቲክ ጥርስ ሊሰብር ስለሚችል፣ እዚህ የሚታየው ትዕግሥት የተሞላበት ሥራ እጅግ የላቀ ነው፤ የፋብሪካው ሞላም ሳይለወጥ በቦታው ይገኛል።