አሥራ ሰባት ደቂቃ

መተላለፊያው 19 ሜትር ያህል ነው፤ አንዳንድ ቦታ በጎን ካልሆነ አታልፉትም። መጨረሻው ላይ ቀና ብላችሁ የምትቆሙበት ክፍል አለ። ኒውግሬንጅ ይባላል፤ አየርላንድ ገጠር ውስጥ፣ ቦይን ወንዝ አጠገብ ያለ፣ ሣር የለበሰ የመቃብር ጉብታ ነው። ወርዱ 85 ሜትር ገደማ። የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 አካባቢ፣ ከትልቁ የጊዛ ፒራሚድ በፊት ነው። ብረት ገና አይታወቅም።

እኔን ያስቆመኝ ጣሪያው ነው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ወደ ውስጥ እየጠበበ ተደርድሮ አናቱን አንድ ድንጋይ ይዘጋዋል። ሲሚንቶ የሚባል ነገር የለም። የመተላለፊያው ጣሪያ ድንጋዮች ላይ ዝናብ የሚወርድበት ቦይ ተፈልፍሏል፤ ክፍተቱም በተቃጠለ አፈርና በባሕር አሸዋ ተደፍኗል። አምስት ሺህ ዓመት! እኔ የተከራየሁት ቤት አምና አፍስሷል።

በ1699 (እ.ኤ.አ.) የመሬቱ ባለቤት ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ሲያስወስድ ነው መግቢያው የተገኘው። ለጥቂት ነው የተረፈው ማለት ነው። የሕግ ጥበቃ ያገኘው በ1882 ነው።

ቁፋሮውን ከ1962 እስከ 1975 የመራው ፕሮፌሰር ማይክል ኦኬሊ ነው። የአካባቢው ሰዎች በዓመት አንድ ቀን ፀሐይ እስከ ውስጥ እንደምትገባ ይነግሩት ነበር። እሱ ግን እንግሊዝ አገር ካለው ስቶንሄንጅ ጋር አምታተውት መሰለው። በኋላ ከበሩ በላይ መስኮት መሳይ ክፍተት አገኘ። ታኅሣሥ 21 ቀን 1967 ጎሕ ሳይቀድ ብቻውን ገብቶ ጨለማ ውስጥ ጠበቀ። ብርሃኑ መጣ። ለ17 ደቂቃ ቆየ። ገበሬዎቹ ልክ ነበሩ፤ የሚገርመኝ እንዲያውም ወሬው ያን ያህል ዘመን ሳይጠፋ መቆየቱ ነው።

ፊት ለፊት የሚታየው ነጭ የኳርትዝ ግድግዳ ግን ቅር ይለኛል። ኳርትዙ የተገኘው መሬት ላይ ፈስሶ ነው። ኦኬሊ ቀጥ ያለ ግድግዳ ፈርሶ ነው አለና በኮንክሪት ደግፎ አቆመው። የለም፣ መጀመሪያውኑ መሬት ላይ የተነጠፈ ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ባክአፕ ሳይኖር ፕሮዳክሽን ላይ እንደ መጻፍ ነው። ፖስትካርዱ ላይ ያለው ደግሞ ያ ግድግዳ ነው።

አስጎብኚዋ መብራቱን አጠፋች፤ ከዚያ በአምፖል የፀሐይዋን አገባብ አሳየችን። እውነተኛዋ ዛሬ ከወጣች ከ4 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው የምትገባው። ሲሠራ ልክ ስትወጣ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የምድር ዘንበል ትንሽ ተለውጧል።